ዋናውን ቀለም የምመርጠው መጨረሻ ላይ ነው

ካርቶኖቹ ከማተሚያ ቤት የመጡት ጠዋት ላይ ነበር። የሳሙና ማሸጊያ ናቸው። የድርጅቱ ባለቤት አንዱን አነሱና አገላብጠው አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ እንደገና ካርቶኑን። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ያ ቀለም አይደለም" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር።

ሦስት ሳምንት የተጨነቅኩበት ቀለም ነው። በሰማያዊና በአረንጓዴ መሀል ያለ፣ ፈካ ያለ፣ ንጹህ ውሃ የሚያስታውስ። ኮምፒውተሬ ላይ ስከፍተው ዓይን ይይዛል። እሳቸውም ስክሪኑ ላይ ያዩት ቀን "በቃ፣ ይሄ ነው! ሌላ አያስፈልግም" ብለውኝ ነበር። ካርቶኑ ላይ የወጣው ግን ብዙ ጊዜ ታጥቦ የነጣ ልብስ ይመስላል። በነጭ የጻፍኩት የሳሙናው ስም ደግሞ ትንሽ ራቅ ሲደረግ አይነበብም።

ማተሚያ ቤቱ አላጠፋም። የላክሁላቸውን ነው ያተሙት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ በደንብ ለመረዳት ደግሞ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ያኔ የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ ምክንያቱም የብራንድ ቀለም የሚመርጥ ሰው ሁሉ፣ ዲዛይነር ይሁን የራሱን ሥራ የሚጀምር ሰው፣ እኔ በጀመርኩበት በኩል ሲጀምር ነው የማየው።

ቀላሉን ጥፋት ላስቀድም። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን አለው፣ እያንዳንዱ 256 ደረጃ አለው፣ ሲባዙ 16,777,216 ቀለም ይሆናል። ህትመት የተገላቢጦሽ ነው። ወረቀት ላይ ያለ ቀለም አያበራም። ያረፈበትን ብርሃን ከፊሉን ይውጥና የተረፈውን ወደ ዓይናችን ይመልሳል። ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር፣ በእነዚህ አራት ቀለሞች ሊደረስባቸው የሚችሉት ቀለሞች ስክሪን ከሚያሳያቸው ያነሱ ናቸው። በጣም የሚያበሩት አረንጓዴዎችና የኔ ዓይነቶቹ ሰማያዊ አረንጓዴዎች ደግሞ ቀድመው ከሚቀሩት መሀል ናቸው። ፋይሉን ለህትመት ስትቀይረው ኮምፒውተሩ የሌለውን ቀለም በአቅራቢያው ባለው ይተካዋል። የኔን ቀለም የተካው አቅራቢያ ብዙም ቅርብ አልነበረም።

ለዚህ መፍትሔ አለው። ፓንቶን የሚባለው የቀለም ድርጅት በ1963 ያወጣው ዘዴ ለዚህ ዓይነቱ ችግር የታሰበ ነው። ቀለሙ በቁጥር ይታወቃል፣ በቀመሩ መሠረት አስቀድሞ ይበጠበጣል፣ ከአራቱ ቀለሞች ነጠብጣብ አይገጣጠምም። ግን እሱም ቢሆን ወረቀቱን አይረሳም። የፓንቶን ቁጥሮች መጨረሻ ላይ "ሲ" ወይም "ዩ" የሚል ፊደል አለ። "ሲ" ለተለበጠ፣ "ዩ" ላልተለበጠ ወረቀት ነው። ቁጥሩ አንድ፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ቀለም አንድ፣ ሁለቱ ወረቀቶች ላይ ግን የሚታየው ሌላና ሌላ ነው። ያልተለበጠው ይመጥጠዋል፣ ያደበዝዘዋል። የኛ ካርቶን ያልተለበጠ ነበር። በዚያ ላይ ነጭ አልነበረም፣ ወደ ግራጫ ያደላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ቀለም ሳወራ ካርቶኑን አንድ ቀን በእጄ አልነካሁትም።

ይሄ የቴክኒክ ስህተት ነው፣ አንዴ ካቃጠለህ አትደግመውም። የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላው ነው። ለምንድነው ሦስት ሳምንት አንድ ቀለም ላይ ብቻ የቆየሁት?

ሁላችንም የምንመርጠው እንደዚያ ስለሆነ ይመስለኛል። ባዶ ነጭ ገጽ እንከፍታለን። መሀሉ ላይ አንድ አራት ማዕዘን እናስቀምጣለን። ቀለም እንሞላዋለን። ትንሽ ወደ ሰማያዊ፣ ትንሽ ወደ አረንጓዴ እናደርገዋለን። ቡድን ካለ ደግሞ ክርክር ይጀመራል። ጉግል ውስጥ አንድ ቡድን በሁለት ሰማያዊዎች መሀል መወሰን አቅቶት በመሀላቸው ያሉ 41 ሰማያዊዎችን እንደፈተነ ዳግላስ ቦውማን የተባለው ዲዛይነራቸው በ2009 ሲለቅ ጽፎ ነበር። ሚሊዮኖች የሚጎበኙት ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ፈተና ምናልባት የሆነ ነገር ይነግር ይሆናል። እኔና አንተ ግን ተጎልተን የምናያት አራት ማዕዘን ምንም አትነግረንም። ማንም ሰው የብራንድ ቀለምን ባዶ ነጭ ላይ ብቻውን ቆሞ አያየውም። ከጽሑፍ ጋር ነው የሚያየው። ከፎቶ ጋር፣ ከካርቶኑ ጋር፣ መደርደሪያ ላይ ከተቀናቃኙ ዕቃ ጋር፣ ስልኩ ላይ ከሌሎች ሃያ አፖች ጋር።

ጎረቤት ደግሞ ቀለምን ይቀይራል። የምሬን ነው።

ይህን በደንብ ያስረዳኝ አንድ የድሮ ታሪክ ነው። ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። በ1824 ፓሪስ ውስጥ በጎብለን የጥልፍ ምንጣፍ ማምረቻ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ቅሬታ ጠበቀው። ጥቁሩ ክር ደካማ ነው፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ጨርቆች ላይ ጥላ ስንሠራበት ጉልበት የለውም፣ አሉት። ኬሚስት ነውና ቀለሙን መረመረ። ከሌሎች ማቅለሚያዎች፣ ከውጭ አገርም ጭምር ጥቁር ክር አስመጥቶ አስተያየ። ጥቁሩ ምንም አልጎደለውም። ችግሩ ክሩ ውስጥ አልነበረም። አጠገቡ የተቀመጠው ሰማያዊ ነው ጥቁሩን አደከመው። ከዚያ ዓመታት ወስዶ ያጠናውን በ1839 አሳተመ፦ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይናችን ልዩነታቸውን ያጋንነዋል። አንዱ ሌላውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል።

ይህን ታሪክ ሳነብ የሳሙናው ካርቶን ነው ትዝ ያለኝ። እኔ ክሩን ስመረምር ነበር የከረምኩት።

ራስህ ሞክረው። አንድ ግራጫ ምረጥና ሁለት ትንንሽ ካሬ ሥራበት። አንዱን ጥቁር መደብ ላይ፣ ሌላውን ነጭ መደብ ላይ አድርገው። ጥቁሩ ላይ ያለው ፈካ ብሎ፣ ነጩ ላይ ያለው ጠቆር ብሎ ይታይሃል። ከዚያ ሁለቱንም ቀይና አረንጓዴ መደብ ላይ ውሰዳቸው። ቀዩ ላይ ያለው ግራጫ ትንሽ አረንጓዴ ይላል፣ አረንጓዴው ላይ ያለው ትንሽ ቀላ ይላል። ኮዱ ያው ነው፣ አንድ ቁጥር አልተነካም። የቱ ነው "ትክክለኛው" ግራጫ? ጥያቄው ራሱ መልስ የለውም።

ስለዚህ አሁን ከኋላ ነው የምጀምረው። ማንም ከማያወራላቸው ቀለሞች።

መጀመሪያ መደቡ። ይህ ብራንድ አብዛኛውን ጊዜ ምን ላይ ነው የሚኖረው? ካርቶን ከሆነ ካርቶኑን በእጄ አገኛለሁ። ስልክ ከሆነ ነጩንም ጨለማውንም ስክሪን አስባለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስልኩን ማታ ማታ ወደ ጨለማ ይቀይረዋል፣ ነጭ ላይ ያማረው ቀለም እዚያ ሌላ ሰው ይሆናል። ቀጥሎ የጽሑፉ ቀለም። ንጹህ ጥቁር ይሁን፣ ወይስ ትንሽ ሰማያዊ ወይም ቡኒ የነካካው? ይህ ተራ ይመስላል። ግን ሰው ከብራንዱ ጋር ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው ጽሑፍ እያነበበ ነው። ከዚያ ግራጫዎቹ፦ መስመሮች፣ ማስታወሻዎች፣ የቦዘኑ ቁልፎች። ለእነዚህ አንድ ሙሉ ቀን እሰጣለሁ። ደንበኞች ይገርማቸዋል። "ቀለሙስ?" ይሉኛል። "እየመጣ ነው" እላለሁ።

ከደንበኛ ጋር ስንነጋገር የቀለም ስም ብዙ አይጠቅመኝም። "ሰማያዊ ይሁንልኝ" ሲሉኝ ምን እንደተባልኩ አላውቅም። ይልቅ አማርኛችን ውስጥ ያሉ አራት ቃላት አሉ፣ ከማውቃቸው መሣሪያዎች ሁሉ በላይ የሚያግዙኝ። ፈካ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ደመቅ ያለ፣ ደብዘዝ ያለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ብርሃን መጠን ናቸው፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ስለ ቀለሙ ጉልበት። ሰው እነዚህን ሲጠየቅ አይሳሳትም። "ጠቆር ያለ ግን ደብዘዝ ያላለ" ያለኝ ደንበኛ አለ፣ በዚያች ዓረፍተ ነገር ግማሹን ሥራ ጨርሶልኛል።

የብርሃን መጠኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ፓሌት፣ ማለትም የብራንዱ ቀለሞች ስብስብ፣ የሚወድቀው። ጽሑፍ የሚነበበው በቀለም ልዩነት አይደለም፣ በብርሃን ልዩነት ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፉ መመሪያ፣ ደብሊዩሲኤጂ የሚባለው፣ የሁለቱን ቀለሞች ብርሃን እያነጻጸረ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው፣ ከዚያ በላይ የለም። ተራ መጠን ላለው ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ1 ይጠይቃል። አሁን የምታውቃቸውን ደማቅ ቀለሞች ለካቸው። ንጹህ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ1 ነው፣ የለም ማለት ይቻላል። ንጹሁ ቀይ፣ ሁላችንም "ይጮኻል" የምንለው፣ ነጭ ላይ 4 ለ1 ገደማ ነው፣ ለተራ ጽሑፍ አያልፍም። ንጹህ ሰማያዊ ግን ከ8 ይበልጣል። ይህ የሆነው ዓይናችን ለሦስቱ ብርሃኖች እኩል ስላልሆነ ነው። ብሩህነት ሲሰላ አረንጓዴው ወደ 72 በመቶ፣ ቀዩ 21 በመቶ፣ ሰማያዊው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው።

ያቺ የሦስት ሳምንት ቀለሜን ከነጭ ጽሑፍ ጋር ስለካት 2 ለ1 ነበረች። ስክሪኔ ላይ አንብቤያታለሁ፣ አዎ። ግን እኔ ጽሑፉን ስለጻፍኩት አውቀዋለሁ። የሚያውቁትን ነገር ማንበብ ቀላል ነው።

አሁን ማንኛውንም ፓሌት ለደንበኛ ከማሳየቴ በፊት ወደ ጥቁርና ነጭ እቀይረዋለሁ። ሁለት ቀለሞች አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ፣ አንዱ መሄድ ወይም መቀየር አለበት። ይህ ቀለም የመለየት ችግር ላለባቸውም ይበጃል። ከሰሜን አውሮፓ ዘር በሆኑ ወንዶች መሀል ከ12ቱ አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለይም፣ ሴቶች ላይ ከ200 አንዷ ገደማ ናት። ማርክ ዙከርበርግ ራሱ ከእነዚህ አንዱ ነው፣ ከሁሉ ቀለም አጥርቶ የሚያየው ሰማያዊን እንደሆነ ተናግሯል፣ ፌስቡክ ሰማያዊ የሆነውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ "ያለቀው አረንጓዴ፣ የቀረው ቀይ" ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምልክት ወይም ቃል ይጨመርበት።

እዚህ ላይ ስለ ቀለም ትርጉም ሰንጠረዦች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አይተሃቸዋል። ሰማያዊ እምነት ነው፣ ቀይ ጉልበት ነው፣ አረንጓዴ ተፈጥሮ ነው፣ ሐምራዊ ንግሥና ነው። እኔም ለዓመታት ለደንበኞች አሳይቻቸዋለሁ፣ አሁን አላሳይም። ቀይ "ቁም" ይላል፣ ቀይ "ቅናሽ አለ" ይላል፣ ቀይ "እወድሃለሁ" ይላል። ባለበት ቦታ ነው የሚናገረው። ደግሞ ሰንጠረዡን የሚከተል ሁሉ አንድ ቦታ ነው የሚደርሰው፣ በአንድ ዘርፍ ያሉ ተቀናቃኞች ሁሉ ሰማያዊ ሆነው የሚታዩት ለዚህ ነው።

የትኛው ሰንጠረዥ ነው ለፖስታ አመላላሽ ድርጅት ቡኒ ልበስ የሚለው? ዩፒኤስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቡኒ ለብሶ ኖሯል፣ ዛሬ ያንን መኪና ከሩቅ የማያውቅ ደንበኛ የለውም። የገንዘብ ጋዜጣው ፋይናንሻል ታይምስ ወረቀቱን ሮዝ ያደረገው በ1893 ነው፣ ከተቀናቃኙ ጋዜጣ እንዲለይ። ሮዝ ስለ ገንዘብ ምን ይላል? ምንም። አሁን ግን ይላል፣ እነሱ ስለያዙት። የጌጣጌጥ ድርጅቱ የቲፋኒ ሰማያዊ ፓንቶን ላይ 1837 የሚል ቁጥር አለው፣ ድርጅቱ የተመሠረተበት ዓመት ነው።

ሕጉ እንኳ እንደዚህ ነው የሚያየው። በ1995 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኳሊቴክስ የሚባል ድርጅት ጉዳይ ደረሰው። ድርጅቱ ለልብስ መተኮሻ ማሽን የሚሆን ትራስ ይሠራል፣ ትራሱ ወርቃማ አረንጓዴ ነው። ተቀናቃኙ ተመሳሳይ ቀለም አወጣ። ቀለም ብቻውን፣ ያለ ቅርጽ፣ ያለ ጽሑፍ፣ የንግድ ምልክት መሆን ይችላል ወይ? ፍርድ ቤቱ ይችላል አለ። ግን ሲፈጠር ጀምሮ አይደለም። ገዢው ያንን ቀለም ሲያይ አምራቹን የሚያስብ ሲሆን ነው። ይህ ደግሞ በጊዜ የሚገኝ ነገር ነው፣ የመምረጫው ቀን አይገኝም።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ትከሻዬ ላይ የነበረ ሸክም ወርዶልኛል። ዋናው ቀለም የድርጅቱን ሙሉ ታሪክ በመጀመሪያው ቀን መናገር የለበትም። መነበብ፣ መታተም፣ ከጎረቤቶቹ መስማማት፣ ከተቀናቃኙ መለየት፣ ይሄ ነው የሚጠበቅበት። ይሄም ቀላል አይደለም።

ወደ ሳሙናው ልመለስ። ሁለተኛውን ዙር ከካርቶኑ ጀመርኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ባዶውን አስቀምጬ ሁለት ቀን አብሬው ዋልኩ። ግራጫው ነገር መጀመሪያ ላይ ጠላት መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ግን መደቡ እሱ ራሱ እንዲሆን ተውኩት። ለጽሑፉ ጥቁር የሚመስል ግን ትንሽ ሰማያዊ ያለበት ቀለም መረጥኩ። ከዚያ አንዲት ቀጭን መስመር፣ የሸክላ ዓይነት ቀይ ብርቱካናማ፣ ከክዳኑ ሥር። ዋናው ቀለም እስከዚያ ድረስ አልነበረም። እነዚህ ሁሉ ከተቀመጡ በኋላ ነው ቦታው ላይ ሰማያዊ አረንጓዴዎችን አንድ በአንድ መሞከር የጀመርኩት። ያሸነፈው ከመጀመሪያው በጣም የጠቆረ ነው። ነጭ ጽሑፍ ላዩ ላይ 8 ለ1 ገደማ ይሰጣል። ብቻውን ነጭ ገጽ ላይ ባሳያቸው አይወዱትም ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ። ስለዚህ ብቻውን አላሳየኋቸውም። ማተሚያ ቤቱ በዚያው ካርቶን ላይ ናሙና አወጣልኝ፣ አጥፌ፣ ሳሙና ከትቼበት ወሰድኩላቸው።

መስኮቱ ጋ ይዘውት ሄዱ። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም፣ ግን ትክክል ነበሩ። ክፍል ውስጥ አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች ውጭ ብርሃን ላይ ሲወጡ ሊለያዩ ይችላሉ። የህትመት ባለሙያዎች ናሙና የሚያዩት ብርሃኑ 5,000 ኬልቪን እንዲሆን በተስተካከለ መብራት ሥር ነው፣ መብራቱ ለሌለው መስኮት ይሻላል።

ቆይተው ዞሩ። "አሁን ያ ቀለም መጣ" አሉኝ።

ያ ቀለም አልነበረም። በቁጥር ካየነው ሩቅ ነው፣ በጣም ጠቁሯል። ግን ግራጫው ካርቶንና ያቺ ሸክላማ መስመር በሁለት በኩል ሲገፉት፣ በመጀመሪያው ቀን ስክሪኑ ላይ ያዩትን ንጹህ ውሃ አዩበት። እኔም አየሁበት።

ከዓመት በኋላ ሁለተኛው ህትመት ወጣ። የድሮውንና አዲሱን ካርቶን ጎን ለጎን መስኮቱ ሥር አስቀመጥናቸው። ልዩነት ፈለግን፣ አላገኘንም። ያኔ ጠየቁኝ፣ "አሁን ትንሽ አዲስ ቀለም ብንጨምርበትስ? ሰው አይሰለቸውም?"

"ገና አንድ ዓመቱ ነው፣ ይቆዩት" አልኳቸው።